ማሽኑ የማያነባት መስመር

እንዳላማውን ያወቅሁት ዶንግሌ፣ ያቺ ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ የኢንተርኔት ዕቃ፣ አልሠራ ብላኝ ነው።

ጊዜው 2004 ዓ.ም.፣ ኅዳር ነበር። ሕንድ አገር አራት ዓመት ተምሬ ደብረ ማርቆስ ከተመለስኩ ገና ሦስት ወር ቢሆነኝ ነው። በአንድ የሙያ ማሰልጠኛ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ሃይደራባድ እያለሁ ሃይደራባድ ሰፍታኝ፣ ማርቆስ ስመለስ ደግሞ ማርቆስ ጠብባኝ፣ የትም ቦታ በልኬ ያልተሰፋልኝ ሰው ነበርኩ። እናቴ ወይዘሮ ደብሪቱ «አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እንኳ ደህና አድርገሽ ተቀመጪ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ነበር የምቀመጠው።

የእንዳላማው ሱቅ ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ኢሜል፣ ጥገና» ይላል። ስገባ ቀጠን ያለ፣ ነጠላውን አንገቱ ላይ የጠቀለለ ሰው የተፈታታ ፕሪንተር ላይ አቀርቅሮ ነበር።

«ምን ሆነች?» አለኝ ዶንግሏን ከእጄ ተቀብሎ።

«ላፕቶፔ ላይ ስሰካት ሲዲ ነኝ ትላለች።»

ሳቀ። «ልክ ናት፤ ሲዲም ናት። ይቀመጡ፣ መምህርት።»

«መምህርት መሆኔን በምን አወቁ?»

«ሲዲ ሆና ከቀረች፣ ላፕቶፕዎ ላይ ያለው በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ነዋ። ማርቆስ ውስጥ በሊኑክስ ራሷን የምታሠቃይ፣ ከሕንድ የመጣችው መምህርት ብቻ ናት ይባላል።»

ከዚያ አስረዳኝ። ዶንግሏ በመጀመሪያ ስትሰካ ራሷን እንደ ሲዲ ታቀርባለች፤ ሲዲው ውስጥ ያለው ድራይቨሯ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከእሷ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም። ዊንዶውስ ድራይቨሩን ወስዶ ይጭንና «በቃ፣ አሁን ተለወጪ» ይላታል። ያኔ ሲዲነቷን ትታ ኢንተርኔት የምታስገባ ሞደም ትሆናለች። ሊኑክስ ላይ ግን ተለወጪ የሚላት ስለሌለ ሲዲ እንደሆነች ትቀራለች።

አራት ዓመት ስማር ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ሱቁ ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ሞከራት። አሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ገና ከመሰካቷ መብራቷ ሰማያዊ ሆነ። አዲሱ ዊንዶውስ ሰባት ላይ ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ እሷን ግን አላየኋትም አለ። የአንድ ድርጅት ሠራተኛ ለጥገና የተዋት ማክ ላይ ደግሞ ስዕሏ ብቅ አለችና ጠፋች።

«ያቺው አንዲት ዕቃ ናት» አለ፤ «እንደየቤቱ ጠባይዋ ይለያያል። የእርስዎ ቤት ደግሞ ባሰባት።»

ቀና ሲል ዓይኖቻችን ተገናኙ። እኔ ቀድሜ ወደ ፕሪንተሩ ዞርኩ።

በዚህ መሀል አንዲት አሮጊት መነኩሴ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ገቡ። እማሆይ ወለተ ሰንበት ይባላሉ።

«እንዳላማው ልጄ፣ አበረ ጽፎልኛል?»

«እስቲ እንይ፣ እማሆይ።»

ምንም ሳይጠይቃቸው የይለፍ ቃላቸውን ጻፈና ደቡብ አፍሪካ ያለ የእህታቸው ልጅ የላከውን ደብዳቤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። እማሆይ አልቅሰው፣ ስቀው፣ መርቀውት ወጡ።

«የእሳቸውን ፓስወርድ የት ጽፈው ነው?» አልኩት።

«የትም።» በጣቱ ግንባሩን ነካ አደረገ። እዚያው ጎጃም የአምበር አገር ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ዳዊቱንም ቅኔውንም በቃሉ ይዞ፣ ለክህነት ሳይደርስ የወጣ። «የመቶ አርባ ሰው ፓስወርድ እዚህ አለ። ደብተር ላይ ብጽፈው ኖሮ ማን ያምነኝ ነበር?»

«እኛ እኮ የተማርነው ‹ለእናታችሁም አትንገሩ› ተብለን ነው።»

«የኔም እናት ብትጠይቀኝ አልነግራትም» አለ፤ ቅር ያለው መስሎ።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አገሬ የገባሁት ያን ዕለት መሰለኝ።

*

ላፕቶፔ ላይ ዶንግሏን የማሠራቱ ነገር ወራት ፈጀ። ከክፍል ስወጣ በሱቁ በኩል አልፋለሁ።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ሲዲ ናት።»

ኢሜሌን በእሱ ኮምፒውተር አያለሁ፤ እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ድራይቨር ይፈልጋል። ሻይ ይመጣል። «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» የሆነው ያለ ማስታወቂያ ነው። አንድ ቀን «አንቺ እኮ» አለና ደንግጦ ዝም አለ። እኔም «አንተ ደግሞ» አልኩትና ዝም አልኩ። ሁለታችንም ዶንግሏን አየናት። ያኔ የሁለታችንም ልብ እንዳትሠራ የሚፈልግ ይመስለኛል። ከሠራችማ በምን ምክንያት እመጣለሁ?

ጥር ላይ ግን እዚያው ሱቅ ቁጭ ብዬ ፊንላንድ ላለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለነፃ ትምህርት አመለከትኩ። የምር መሄድ ፈልጌ ይሁን ወንበር ጫፍ ላይ መቀመጥ ልማድ ሆኖብኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማስረጃዎቼን ስካን ያደረገልኝ እሱ ነው።

«ቢቀበሉሽስ?» አለኝ፤ ወረቀቱን እያስተካከለ።

«እንጃ።»

«እንጃ ሁለት ዓመት ነው ሦስት?»

«ሁለት።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ወረቀቶቹን ግን በጥንቃቄ ነበር ያነሳቸው። አንዷ ገጽ ትንሽ ብታዘነብል እንደገና አደረጋት።

*

መጋቢት ሲገባ ማሰልጠኛው ለወጣት ማኅበራት ሥልጠና እንድሰጥ እስከ ፋሲካ ደምበጫ ላከኝ። የተከራየሁት ክፍል መስኮቱ ወደ ገበያው ነው። ኢንተርኔት የሚባል ነገር ካለ በዶንግሏ ብቻ ነው፤ ዶንግሏ ደግሞ ላፕቶፔ ላይ አሁንም ሲዲ ናት። የፊንላንዱ መልስ የሚጠበቀው በዚያው ሰሞን ነበር።

የሄድኩ ዕለት መናኸሪያ ሊሸኘኝ መጣ። አውቶቡሱ ሞተር ሲያስነሳ በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ የኢሜሌን የይለፍ ቃል በጆሮው ነገርኩት። ለእናታችሁም አትንገሩ የተባልኩት እኔ።

«አንዴ ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት። ድምፅ ሳያሰማ ከንፈሩን አንቀሳቀሰና «ገባ» አለ። «በየቀኑ አይልሻለሁ። ከመጣ ያኔውኑ እደውላለሁ።»

የላፕቶፔን ቃል ቀድሞም ያውቀዋል። መቶ አርባ አንደኛዋ ደንበኛው ሆንኩ።

ሳምንቱን በስልክ እንጠጋግናለን። እሱ ከማርቆስ ሆኖ የሚጻፈውን ይነግረኛል፤ እኔ ማሽኑ የመለሰውን ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር አነብለታለሁ።

«ልድገመው?» ይላል። ያነበብኩለትን አሥራ ስድስት ቁጥር እንደ ዳዊት ይወጣዋል።

«አንዷን ሳትክ።»

«የታባቷ! የትኛዋን?»

«ቀለድኩብህ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቅኔ ቤት ብትገቢ ተማሪውን ሁሉ ታሳብጂ ነበር።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ብቻዬን እስቅ ነበር።

መጋቢት 22፣ ቅዳሜ፣ እንዳላማው በጧቱ አውቶቡስ ደምበጫ መጣ። ገበያ ነበር፤ ፈረስና ባጃጅ እየተጋፋ መንገዱ አያሳልፍም። ክፍሌ ውስጥ አንዲት ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ብቻ ነው ያለው። ላፕቶፑን ከፈተው፤ ግን አልነካውም።

«ፊትህን ያጠቆርከው ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«መንገዱ ነው።» ከዚያ ቀና ሳይል «ማርያማዊት፣ ከፋሲካ በኋላ ለእናትሽ ሽማግሌ ብልክ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ ፈርቼውም ነበር።

«የፊንላንዱ መልስ ይምጣና እነግርሃለሁ» አልኩ። «አሁን እሺ ብልህ ግማሽ ልቤን ነው የምሰጥህ። መጥቶ ወይ እሄዳለሁ ወይ አልሄድም ልበል። እስካሁን ምንም የለም አይደል?»

መስኮቱን አየ። አንድ ፈረስ ሲያሽካካ ሰማን።

«ምንም የለም» አለ። «እስከ ፋሲካ ካልመጣስ?»

«ካልመጣማ ላክ!»

ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ደስታ ብዬ ነው የያዝኩት። ቆይቼ ሳስበው፣ ከባድ ሸክም ተሸክሞ የቆየ ሰው አንደኛውን ትከሻውን ሲያሳርፍ ያለው ፊት ነበር። ዳቦና ሙዝ ልገዛ ወጣሁ፤ በገበያው ግፊያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ስመለስ ላፕቶፑ ተዘግቷል።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ሲዲ ናት» አለ።

እንደ ልማዳችን ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

*

ፋሲካ ሚያዝያ 7 ዋለ። እኔም ወደ ማርቆስ ተመለስኩ። እንኳን አደረሰህ ካልኩት በኋላ መጀመሪያ የጠየቅኩት ያንኑ ነው።

«ምንም የለም» አለኝ።

ቅር ይለኛል ብዬ ነበር፤ ይልቅ ደስ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በሌላ ሰው እጅ ተወስኖልኝ አረፍኩ። ለዳግም ትንሣኤ ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ቆመው ተናገሩ፤ እናቴ እንደ ወጉ «እስቲ እንመካከርበት» ብላ ወዲያው ደግሞ በዓይኗ እሺ አለቻቸው። በዚያ ሳምንት ወንበር ላይ ተደላድዬ እንደተቀመጥኩ አስታውሳለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 18፣ የማሰልጠኛው ጸሐፊ ሥራነሽ ጠራችኝ። ለቢሮው አዲስ ዶንግል ተገዝቶ ዊንዶውሱ አላውቃትም ብሏል። ድራይቨሩን አውጥቼ እንደገና ጫንኩት፤ ሰማያዊው መብራት በራ። ለመሞከር ያህል የራሴን ኢሜል ከፈትኩ።

ከላይ አንድ ያልተነበበ ደብዳቤ አለ። ከፊንላንድ፤ ያን ዕለት ጧት የገባ።

«ለመጋቢት 20ው ደብዳቤያችን እስከ ሚያዝያ 11 መልስ ስላልሰጡን ቦታዎን ለሌላ አመልካች መስጠታችንን በሐዘን እንገልጻለን» ይላል።

«ይሠራል?» አለች ሥራነሽ።

«ይሠራል።»

የመጋቢት 20ውን ፈለግሁት። ከተጣሉት መልእክቶች መካከል ነበር። ተከፍቶ ተነቧል። ሙሉ ነፃ ትምህርት ሰጥተውኛል፤ የሚፈልጉት «እሺ» ወይም «አይ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ሦስት ሳምንት ጊዜ ሰጥተውኝ ነበር።

ቤት ሄጄ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ማንኛውም ማሽን የዋለበትን የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ ተማሪዎቼን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የማስተምራቸው ይህንኑ ነው። እኔ ግን አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። እሱ ደምበጫ የመጣበትን መጋቢት 22ን ፈለግሁ። ከጧቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ዶንግሏ ተሰክታለች። ከአራት ደቂቃ በኋላ ሲዲነቷን ትታ ሞደም ሆናለች። ለአሥራ አንድ ደቂቃ ኢንተርኔት ነበረኝ። ዳቦ ተሰልፌ እየገዛሁ፣ ክፍሌ ውስጥ ኢንተርኔት ነበረኝ።

ከዚያ አንድ አዲስ ፋይል ተፈጥሯል። ከፈትኩት። ሁለት መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ ማሽኑን «የዶንግሏን ድራይቨር እንዳታስነሳ» የምትል ትእዛዝ ናት። ሁለተኛዋ መነሻዋ ላይ ያቺ መሰላል የምትመስል ምልክት አለባት፤ ከምልክቷ በኋላ ያለውን ማሽኑ አያነበውም፤ የሚጻፈው ለሰው ነው። በላቲን ፊደል፣ በአማርኛ፣ እንዲህ ይላል፦

«ማርያማዊት፣ ይህን ስታገኚ ይቅር በይኝ። ደግሞም አግኚው።»

*

ሱቁ ስደርስ እማሆይ ወለተ ሰንበት አግዳሚው ላይ ነበሩ።

«ክፍል የለሽም እንዴ ዛሬ?» አለ እንዳላማው፤ ፊቱ በርቶ።

«የለኝም። ተራዬ ሲደርስ ኢሜሌን ታይልኛለህ።»

ፊቱ ላይ የበራው ጠፋ።

«ኧረ አንቺ ቅደሚ ልጄ፣ ሙሽራ አይደለሽ!» አሉ እማሆይ።

«ግድ የለም እማሆይ፣ ይጨርሱ።»

የአበረን ደብዳቤ ያነብላቸው ጀመር። ከኋላው ቆሜ ስክሪኑን ተከተልኩ፤ የሚያነበው የተጻፈውን መሆኑን ቃል በቃል። አበረ ታሞ ከርሟል፤ ሥራውንም ለቋል። ሊያለሰልሰው ይችል ነበር። አንዲት ቃል ሳያጎድል አነበበው። ለመቶ አርባ ሰው ዋሽቶ የማያውቅ ሰው የዋሸው ለእኔ ብቻ ነበር።

እማሆይ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ሲወጡ ክንዴን ያዝ አደረጉ። «ክፉውንም ደጉንም አይደብቀኝም። የታደልሽ ነሽ» አሉኝ።

ብቻችንን ቀረን።

«መጋቢት 20፣ ሐሙስ» አልኩት።

አላስመሰለም። «መስመሯን አገኘሻት?»

«ዛሬ።»

«በየቀኑ ዛሬ ታገኛታለች እያልኩ ነበር የምውለው። ላንቺ የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት። ለምን አላየሽም?»

«አንተ እያየኸው ነበራ!»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ሐሙስ ለት ደብዳቤውን ሳየው ስልኩን አንስቼ ነበር። ቁጥርሽን ሦስት ጊዜ ደውዬ ሳይጠራ ዘጋሁት። ቅዳሜ በአካል ልነግራት ብዬ መጣሁ። ከዚያ ‹ካልመጣማ ላክ› አልሽኝ።»

«ስለዚህ እንዳይመጣ አደረግክ።»

«አዎ።»

ያን ያህል ቀጥ ያለ መልስ አልጠበቅሁም። እንዲከራከረኝ፣ እንዲምል፣ በሌላ እንዲያሳብብ ነበር ተዘጋጅቼ የሄድኩት።

«ትሄጂ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ንገሪኝ ማርያማዊት። አሁን እኮ ምንም—»

«አላውቅም እኮ ነው የምልህ! ለማወቅ ሦስት ሳምንት ነበረኝ። ምናልባት ‹አይ› ብዬ ጽፌ፣ በዚያው አውቶቡስ መጥቼ እነግርህ ነበር። ምናልባት እሄድ ነበር። አንተም አታውቀውም፤ እኔም አላውቀው።»

እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«ተነሥልኝ» አልኩት።

ተነሣ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ኢሜሌን ከፈትኩና የይለፍ ቃሌን የምቀይርበት ቦታ ገባሁ። አዲሱን ልጽፍ ስል፣ ማንም ሳይለው፣ ጣቶቼን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነጠላው ከትከሻው ላይ ተንሸራቶ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት በዚያች ቅጽበት ነው። እንደዚያ ሆኖ ቆሞ እያየሁት ጽፌ ጨረስኩ፤ ወጣሁም።

*

እናቴ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። እጇ አላቆመም።

«ታዲያ ክፉ አደረገ?» አለችኝ።

«እማዬ!»

«ወዶሽ ነው እንጂ ጠልቶሽ ነው?»

«ደብዳቤዬን ደበቀብኝ። አብረን ስቀንበት፣ ዓይኔን እያየ ምንም የለም አለኝ።»

«መሪጌታን ያህል ሰው ቆሞ ለምኖ፣ እሺ ተብሎ! አሁን ሄጄ ምን ልበላቸው? ‹ኮምፒውተሯን ስላበላሸባት ቀርቷል› ልበል?»

«እንደዚያ በያቸው።»

ሰፌዱን አስቀመጠችና አየችኝ። «እሱ ሦስት ሳምንት ደበቀብሽ። አንቺንስ አራት ዓመት ሙሉ ሕንድ አገር ማን ደበቀብኝ?»

ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። ከሱቁ ስወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር የጠፋብኝ፤ በረንዳው ላይ እናቴ ተጨምራ ሁለት ሆኑ።

ሽማግሌዎቹ ምን እንደተባሉ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። ለከተማውም ለማንም አልተናገርኩ። አንዲት ቃል ብናገር እነዚያ መቶ አርባ ሰዎች በአንድ ቀን ይሸሹት ነበር፤ እማሆይ ግን አበረን በማን አፍ ይሰሙታል?

በዚያው ሳምንት ላፕቶፔን ከፍቼ የመጀመሪያዋን መስመር ሰረዝኳት። ዶንግሏን ሰካሁ። ሲዲ ሆነች፤ ትንሽ ቆየችና ተለወጠች። ሰማያዊ መብራቷ በራ። ስድስት ወር ስንጠብቃት የነበረችው መብራት ናት፤ «ሠራች!» የምለው ሰው አልነበረኝም።

በዓመቱ እንደገና አመልክቼ ፊንላንድ ሄድኩ። እርግጠኛ ሆኜ አይደለም የሄድኩት። ሁለት ዓመት ቆይቼ ተመለስኩ። አሁን የምሠራው ባሕር ዳር ነው፤ ማርቆስን የማያት ለበዓል ስሄድ ነው። በሱቁ በኩል አላልፍም።

ባለፈው ገና እናቴ፣ ሳልጠይቃት፣ ወጥ እያማሰለች እንዲህ አለችኝ፦ «ያ ልጅ ጠባዩ ተለውጧል አሉ። ሰው ፓስወርዱን ሲነግረው ጆሮውን ይይዛል። ራሳችሁ ጻፉት ነው የሚለው። እማሆይን እንኳ ፊደሉን አንድ በአንድ አስጠንቷቸው በራሳቸው ጣት ነው የሚከፍቱት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል አሉ፤ ጨርሻለሁ እስኪሉት።»

ያ ላፕቶፕ አርጅቷል፤ ዶንግሎችም ቀርተዋል። ፋይሏ ግን አሁንም አለች። አንዲት መስመር ቀርታባታለች፤ ማሽኑ በደረሰባት ቁጥር ሳያነባት ያልፋታል። እኔ አነባታለሁ። እስካሁን ግን ይቅር አላልኩትም፤ አልሰረዝኳትምም።